«ማንነት የሌላቸው» ስለተባሉት ልጆች፦ ከሐዋሳ የተጻፈ ምላሽ

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ በቴሌግራምና በፌስቡክ እየዞረ ነው። ለእኔ ብቻ ከአራት ሰው ደርሶኛል። አንዱ የገዛ ወንድሜ ነው። ከሥሩ «ለእህታችን ላኪላት፣ ታንብበው» ብሎበታል። እህታችን ሜሪላንድ ነው የምትኖረው፤ ሁለት ልጆች እዚያው ወልዳ እያሳደገች ነው። አልላክሁላትም። አስቤበት ነው ያልላክሁት። ምክንያቴን ደግሞ ለወንድሜ ብቻ ሳይሆን ጽሑፉን ላጋራው ሰው ሁሉ መናገር ፈለግሁ።

ላላነበበው ሰው ጽሑፉ ምን እንደሚል ላስቀምጥ። ጸሐፊው የሚያወሩት ውጭ አገር ተወልደው ስለሚያድጉ የኢትዮጵያውያን ልጆች ነው። አምስት ነገር ይላሉ። አንደኛ፣ ልጆቹ እዚህም እዚያም ያልሆኑ፣ ማንነት የሌላቸው ናቸው፤ የሚጨነቁትም ለዚህ ነው። ሁለተኛ፣ ልጆቹ አማርኛ አይፈልጉም፤ አማርኛ የማይናገር ልጅ ደግሞ ኢትዮጵያዊ ነኝ ሊል አይችልም፤ ጥፋቱም የወላጆቹ ነው። ሦስተኛ፣ ድብርትና ጭንቀት የፈረንጅ በሽታ ነው፣ መድኃኒቱም ጸሎትና ወዳጅ ዘመድ ነው፤ የእኛ ወላጆች በችግር ስምንት ልጅ ሲያሳድጉ ማን ተደበረ? አራተኛ፣ ልጅ መቅጣት በሕግ ስለተከለከለ ልጆቹ ወላጅ መናቅ ለምደዋል። አምስተኛው መፍትሔ ነው። ልጁ ሳይጎረምስ ወደ አገር ቤት ልኮ ሁለት ሦስት ዓመት ማቆየት። «ይታረማል» ይላሉ።

በክፋት የተጻፈ አይመስለኝም። ጸሐፊው የፈሩት ነገር እውነተኛ ነው። አንዲት እናት በሁለት ሥራ ተወጥራ ውላ ማታ ቤት ስትገባ፣ ልጇ በሯን ዘግታ እናት በደንብ በማትከታተለው ቋንቋ ስልክ ላይ ስትስቅ ብትሰማ ሆዷ ይባባል። እህቴ ይሄንን በስልክ እያለቀሰች ነግራኛለች። ፍርሃቱን አልክድም። የተጻፈው ምክንያትና የተሰጠው መድኃኒት ግን ልክ አይደለም።

«ማንነት የላቸውም» ከሚለው ልጀምር። እኔ የምኖረው ሐዋሳ ነው። ከተማችን ከተቆረቆረች ስልሳ ዓመት ትንሽ ቢያልፋት ነው። በእኛ ሰፈር አንድ ረድፍ ቤት ውስጥ ሲዳማ አለ፣ ወላይታ አለ፣ ጉራጌ፣ አማራ፣ ኦሮሞ፣ ከምባታ አለ። ብዙው ሰው አባቱ ወይ አያቱ ከሌላ ቦታ የመጣ ነው። አጥር የምንጋራው ጎረቤታችን የወላይታ ሶዶ ሰው ነው። ልጁ ወላይትኛ ይሰማል፣ አይመልስም። አባቱ በወላይትኛ ሲጠራው በአማርኛ «አቤት» ይላል፣ ከጓደኞቹ ጋር ኳስ ሲጫወት ደግሞ ሲዳምኛ ይቀላቅላል። ለጊፋታ፣ ለወላይታ ዘመን መለወጫ፣ ሶዶ ሲሄድ የአጎቶቹ ልጆች «የሐዋሳ ልጅ» ይሉታል። ታዲያ ይሄን ልጅ ማንነት የለውም ያለው ሰው አለ? የለም። የከተማ ልጅ ነው ብለን እናልፋለን። አባቱ ወደ ሐዋሳ በመምጣት ፈንታ ወደ ሲያትል ቢሄድ ኖሮ ግን ይሄው ልጅ የጽሑፉ ርዕስ ይሆን ነበር። የተለወጠው የአባቱ መንገድ እርዝመት ነው።

ነገሩ በሰፊው ተጠንቷል። ጆን ቤሪ የሚባሉ የካናዳ የሥነ ልቦና ተመራማሪና ባልደረቦቻቸው በ13 አገሮች ከ13 እስከ 18 ዓመት ያሉ ከ5,000 በላይ የስደተኛ ልጆችን አጥንተው ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2006 አሳትመዋል። ቤሪ እንደሚሉት ልጁ ፊት አራት መንገድ አለ። የወላጆቹን ባህል ብቻ መያዝ፣ የሚኖርበትን አገር ብቻ መያዝ፣ ሁለቱንም መያዝ፣ ወይም ከሁለቱም መገለል። ከልጆቹ መሐል ትልቁ ቡድን ሁለቱንም የያዘው ነበር። በአእምሮም በትምህርትም ደህና ሆኖ የተገኘውም እሱ ነው። ጸሐፊው «እዚህም እዚያም ያልሆነ» የሚሉት ልጅ ብዙ ጊዜ እዚህም እዚያም የሆነ ልጅ ነው።

አንድ ነገር አምናለሁ። ከሁለቱም የተገለለ ልጅ አለ። እሱ በጣም ይጎዳል። ግን በራሱ ተነሥቶ አይደለም የሚገለለው፣ ይገፋል እንጂ። ትምህርት ቤት ስሙን ይሰባብሩበታል፣ ምሳ ዕቃውን ሲከፍት አፍንጫቸውን ይይዛሉ። ቤት ሲመጣ ደግሞ «ፈረንጅ ሆነሃል» ይባላል። ጸሐፊው ጨርሶ ያልነኩት ሌላ ነገርም አለ። አሜሪካ የተወለደ የእኛ ልጅ ከደጅ ሲወጣ ጥቁር ነው። ሱቅ ውስጥ በዓይኑ የሚከተለው ጥበቃ ወላጆችህ ከየት መጡ ብሎ አይጠይቀውም። ቤት ውስጥ ግን «እኛ ሀበሻ ነን፣ ከእነሱ ጋር አትደባለቅ» የሚል ወላጅ አለ፤ ብዙ አለ፣ እኛም እዚህ ሆነን በስልክ ይሄንኑ እናቀብላለን። ታዲያ ልጁ ሱቅ ውስጥ የደረሰበትን ለማን ይንገር? ለእናቱ ቢነግራት «ምን አድርገህ ነው?» ልትለው ትችላለች። ዝም ይላል። ያንን ዝምታ ነው ማንነት ማጣት የምንለው።

ወደ ቋንቋው ልሂድ፣ እዚህ ላይ ብዙ የምለው አለኝ።

የዛሬ ሁለት ዓመት ሐምሌ ላይ የእህቴ ትልቋ ልጅ እኛ ጋ መጣች። አሥራ አራት ዓመቷ ነበር። በሦስተኛው ቀን ሐይቁ ዳር ወዳለው የአሳ ገበያ፣ አሞራ ገደል፣ ይዘናት ሄድን። አሳ የሚሰነጥቁት ሰዎች ቢላቸውን እያፋጩ ይሠራሉ፣ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች እንደ ሽማግሌ ቆመው ጥራጊ ይጠብቃሉ፣ ልጅቷ ዓይኗ በርቷል። ለካ ከአውሮፕላን ጀምራ አንድ ዓረፍተ ነገር ስትለማመድ ነው የመጣችው። ወደ ሻጯ ቀረብ ብላ «እባክህ አንድ ኮሮሶ ስተኝ» አለች። ቆሮሶ፣ አሳውን፣ ለማለት ነው። ሴትዮዋን እንደ ወንድ ነው የጠራቻት፣ «ቆ»ም «ጠ»ም እምቢ ብለዋታል። ሴትዮዋ ሳቀች። አጠገቧ የነበሩት ልጆች «ኮሮሶ! ስተኝ!» እያሉ ተቀባበሉት። የአክስቷ ልጆች ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ማንም ሊጎዳት አስቦ አልነበረም፣ እንዲያውም ተወዳ ነው። እሷ ግን አንገቷን ደፍታ ጫማዋን ማየት ጀመረች፣ የአሳውንም ሽታ ያን ጊዜ ነው ያስተዋለችው መሰለኝ፣ በእጇ አፍንጫዋን ሸፈነች።

ከዚያ ቀን በኋላ ለአሥራ አንድ ቀን አንድ ቃል አማርኛ ከአፏ አልወጣም። ማታ ላይ አልጋዋ ጫፍ ቁጭ ብዬ ምን ሆነሽ ነው አልኳት። «ስናገር የምትስቁ ከሆነ ዝም ብል ይሻለኛል» አለችኝ። በእንግሊዝኛ።

ጸሐፊው «ልጆቹ አማርኛ አይፈልጉም» ብለዋል። ይቺ ልጅ ፈልጋ ነበር። አስተማሪ ነኝ፣ ልጅ ሲማር እንዴት እንደሚሳሳት በየቀኑ አያለሁ። ክፍል ውስጥ አንድ ተማሪ እንግሊዝኛ ሲሳሳት ቢሳቅበት ያን ሴሚስተር ሙሉ እጁን አያወጣም። አማርኛ የሚማር ልጅ ለምን የተለየ ይመስለናል?

«አማርኛ የማይችል ኢትዮጵያዊ አይደለም» የሚለው ደግሞ እዚሁ አገር ውስጥም አይሠራም። ከሐዋሳ ወጣ ብለው ወደ ይርጋለም መንገድ ገጠር ይግቡ። ቡና የሚለቅሙ፣ እንሰት የሚፍቁ፣ ዕድሜ ልካቸውን ሲዳምኛ ብቻ የተናገሩ እናቶች ያገኛሉ። እነሱ ኢትዮጵያዊ አይደሉም? ጸሐፊው ይሄንን ማለታቸው እንዳልሆነ አውቃለሁ። ግን ዓረፍተ ነገሩ የሚለው እሱን ነው።

ቋንቋ አይጠቅምም እያልኩ አይደለም። ይጠቅማል፣ በጣም። አሌሃንድሮ ፖርተስና ሩበን ሩምባውት የሚባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. ከ1992 ጀምረው ፍሎሪዳና ሳንዲያጎ ውስጥ የስደተኛ ልጆችን ለዓመታት ተከታትለው ነበር። የወላጃቸውንም ቋንቋ እንግሊዝኛንም አጥርተው የያዙት ልጆች በራሳቸው ይበልጥ ይተማመናሉ፣ ከወላጆቻቸውም ጋር ብዙ አይጋጩም። በዚህ ጸሐፊው ልክ ናቸው። ያው ጥናት ግን ሌላም ነገር አሳይቷል። ከየትም አገር የመጣ ይሁን፣ አብዛኛው ልጅ ወደ እንግሊዝኛ ነው የሚሄደው፣ እያደገ ሲመጣም ይብሳል። የስፓኒሽ ተናጋሪዎቹ እንኳ፣ በሚሊዮን የሚቆጠር ሰውና ቴሌቪዥን ጣቢያ እያላቸው፣ ልጆቻቸው እንግሊዝኛ ይመርጣሉ። ታዲያ በሳምንት ስድስት ቀን የምትሠራ የእኛ እናት ብቻዋን ይሄን ጎርፍ አላቆመችም ብሎ መውቀስ ምን ይባላል?

እህቴን ልንገራችሁ። ልጇ ዘጠኝ ዓመቷ እያለ እህቴ ታመመች። ሐኪሙ ፊት ያስተረጎመችላት ልጇ ነች። የአሜሪካ ሕግ ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚያገኝ ሆስፒታል አስተርጓሚ በነጻ እንዲያቀርብ ያስገድዳል፤ ድንገተኛ ካልሆነ ልጅን ማስተርጎም አይፈቀድም። እህቴ ይሄን አላወቀችም፣ የነገራትም የለም። ልጅቷ «ዕጢ» የሚለውን ቃል በአማርኛ አታውቀውም ነበር። «እማ፣ ሆድሽ ውስጥ አንድ ነገር አለ፣ መጥፎ ይሁን አይሁን ገና አላወቁም» አለቻት። እግዚአብሔር ይመስገን፣ መጥፎ አልነበረም። ውጤቱ እስኪመጣ የነበሩትን ሁለት ሳምንታት ግን ልጅቷ እንዴት እንዳደረቻቸው የነገረችን ባለፈው ዓመት ነው። ማታ ማታ ተነሥታ እናቷ እየተነፈሰች መሆኑን ታይ ነበር። ትምህርት ቤት ለማንም አልተናገረችም። የቤት ነገር ውጭ አይወራም ተብላ ነው ያደገችው።

አሁን ይቺን ልጅ «ጭንቀት ይሰማኛል» ስትል «የፈረንጅ በሽታ» ልንላት ነው?

ወደ ሦስተኛው መጣሁ ማለት ነው። በሽታው የፈረንጅ ከሆነ እነዚህን ቃላት ከየት አመጣናቸው? ትካዜ፣ ቁዘማ፣ ድባቴ፣ ሆድ መባስ፣ ሀሳብ መግባት፣ «ባር ባር አለኝ»። ትዝታ የሚባል የዜማ ቅኝት ያለን ሕዝብ ነን። ወሬም ብቻ አይደለም። ቡታጅራ አካባቢ የአገራችን ተመራማሪዎች ከውጭ ባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው ከ68,000 በላይ ሰው ቤት ለቤት እየሄዱ ጠይቀው፣ ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸውን ገበሬዎችና የገበሬ ልጆች ለዓመታት ተከታትለዋል። ቡታጅራ ከእኛ ሩቅ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት ደግሞ ከአእምሮ ሕመሞች አንድ ሦስተኛ ያህሉ ከ14 ዓመት በፊት፣ ግማሽ ያህሉ ከ18 ዓመት በፊት እንደሚጀምሩ ይናገራል፤ አብዛኞቹ ሳይታወቁ፣ ሳይታከሙ ይቆያሉ። ልክ በዚያ ዕድሜ ነው እኛ «ቅብጠት ነው፣ ይተዋታል» የምንለው።

«ወላጆቻችን አልተደበሩም» ለሚለው የራሴን እናት ልጥቀስ። አባቴ ሲሞት እናቴ ለወራት ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ትተኛ ነበር። እህል አይገባትም። ሐዘን ገብቷት ነው አልን፣ ስም አልሰጠነውም። ያዳናት ምን ይመስላችኋል? ጎረቤቶቿ በየማለዳው ቡና አፍልተው ገብተው ያለችበት ክፍል ውስጥ ቁጭ አሉ። የምታወራ ስትሆን አወሯት፣ የማታወራ ስትሆን እነሱ እርስ በርስ አወሩ። ጸበልም ወስደዋታል። ጸሐፊው ጸሎትና ወዳጅ ዘመድ መድኃኒት ነው ያሉት ለዚህ ከሆነ እጄን አውጥቼ እስማማለሁ። ችግሩ የእህቴ ልጅ ጋ በማለዳ ቡና አፍልቶ የሚገባ ጎረቤት የለም። ያንን ሁሉ ሰው ነው ያጣችው። የትምህርት ቤቷን የሥነ ልቦና አማካሪ ሳምንት ሳምንት ብታናግር ከዚያ ጥቂቱን ብታገኝ ነው፤ የሚያሳፍር ነገር የለበትም። መሞት እፈልጋለሁ ያለ ልጅ ደግሞ ቡናም ጸበልም ብቻውን አይበቃውም፣ ያኑ ቀን ሐኪም ይየው። እዚሁ ሐዋሳ ሪፈራልም የአእምሮ ሕክምና አለ፣ የእኛም ልጆች ይሄዱበታል።

ስለ ቅጣት የተባለውን በአጭሩ ልለፈው፣ መረጃው ስለተሳሳተ። ስዊድን እ.ኤ.አ. ከ1979 ጀምራ ወላጅ ልጁን እንዳይመታ ከልክላለች፣ እውነት ነው። አሜሪካ ግን በየትኛውም ግዛት ወላጅ ልጁን በልክ መቅጣቱ አልተከለከለም፤ የሚያስከስሰው ጉዳት ማድረስ ነው። የእኛም ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤትና በማሳደጊያ ከአካላዊ ቅጣት እንዲጠበቁ ይላል። እኔ ክፍሌ ውስጥ በትር ካስቀመጥሁ ዓመታት አለፉ። ተማሪዎቼ አልናቁኝም።

አሁን ወደሚያስፈራኝ፣ ወደ መጨረሻው ምክር ነው የምመጣው፣ ምክንያቱም የሚተገብረው ሰው አለ። «ወደ አገር ቤት ላኩት፣ ይታረማል።»

አንድ ልጅ አውቃለሁ። አባቱ ለዕረፍት ነው ብሎ ከውጭ አመጣው፣ ከዚያ ፓስፖርቱን ይዞ ብቻውን ተመለሰ። ልጁ አሥራ አምስት ዓመቱ ነበር። መጀመሪያ ወር በየቀኑ ሻንጣውን አስተካክሎ በር ላይ ያስቀምጥ ነበር። አያቱ ደግ ሴት ናቸው፣ የሚችሉትን አደረጉ። ትምህርቱን በማይገባው አማርኛ መሐል ተከታተለ፣ «ዳያስፖራው» ተብሎ ገንዘብ ይጠየቃል፣ ብቸኝነቱን ያየለት ልጅ ጫት አስለመደው። ሐዋሳ ጫት ለማግኘት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በአሥራ ስምንት ዓመቱ ተመለሰ። አማርኛው ዛሬ ጥሩ ነው፣ ተረት ሁሉ ያውቃል። ከአባቱ ጋር ግን አይነጋገርም። አባቱ የፈራው ልጄ እንግዳ ይሆንብኛል ብሎ ነበር።

ሌላም አውቃለሁ፣ ይሄንን መደበቅ ተገቢ አይሆንም። አንዲት ልጅ በራሷ ጥያቄ አንድ ዓመት ሙሉ እዚህ ቆይታ በደስታ የሄደች አለች። እስከዛሬ በየበዓሉ ትደውላለች። ልዩነቱ ግልጽ ነው። እሷ መምጣቷን መርጣለች፣ የምትመለስበትን ቀን ታውቃለች፣ ከእናቷም ጋር በየማታው ታወራለች። ስለዚህ ጸሐፊው «አገር ቤት ይምጡ» ቢሉ ኖሮ አብሬያቸው እቆም ነበር። ይምጡ፣ ዘመድ ይወቁ፣ ሐይቁ ዳር ይቀመጡ። «ይታረሙ» ነው ያልተዋጠልኝ። ልጅ አገሩን እንደ ቅጣት ካወቀው፣ በምን ሊወደው ነው?

ወንድሜ ይሄን ሲያነብ «እና ምን እናድርግ ታዲያ?» እንደሚለኝ አውቃለሁ። የእህታችን ልጅ በመጪው ሐምሌ ትመጣለች፣ ራሷ ናት ልምጣ ያለችው። ከወዲሁ የቤቱን ልጆች ሰብስቤ ነግሬአቸዋለሁ፣ ስትናገር አይሳቅም፣ ሊጠይቃት የሚመጣ ሰውም «አማርኛ ትችያለሽ?» ብሎ አይጀምር። አንተም እንደዚሁ። ስለ ትምህርት ቤቷ ጠይቃት፣ በፈለገችው ቋንቋ ትመልስ።

እነዚያ አሥራ አንድ ቀናት እንዴት እንዳበቁ አልነገርኳችሁም። እናቴ ምስር ትለቅም ነበር። ልጅቷ መጥታ አጠገቧ ቁጭ አለች። እናቴ ምንም አልጠየቀቻትም፣ ሰፌዱን ወደ መሐል ሳብ አደረገችው ብቻ። ሁለቱም ለቀሙ። ትንሽ ቆይታ እናቴ አንዷን አንሥታ አሳየቻትና «ጠጠር» አለች። ልጅቷም «ተተር» አለች። እናቴ አልሳቀችም፣ አላረመችም፣ ቀጥላ ሌላ ስታገኝ እንደገና «ጠጠር» አለች። እንደዚያ እያሉ ሰፌዱን ጨረሱት። ማታ ልጅቷ «እማማ፣ ነገም አለ?» አለቻት።

ባለፈው እሑድ ደውላ ነበር። እናቴ ስልኩን በሁለት እጇ ይዛ ጆሮዋ ላይ ለጥፋዋለች። «እማማ፣ ተተር አለ?» ስትል እኔ ጋ ድረስ ይሰማል።

«አለ፣ አለ የኔ ልጅ» አለቻት እናቴ። «አንቺን እየጠበቀ ነው።»